የውሻ ቍስል የማን ዕዳ ነው?

በቋንቋችን ውስጥ የውሻን ያህል በሁለት ሚዛን የሚመዘን እንስሳ የለም። ተሳዳቢ ሰውን ለማዋረድ ሲፈልግ «ውሻ» ይለዋል፤ ያው ሰው ታማኝነትን ማመስገን ሲፈልግ ደግሞ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብሎ ይመሰክራል። ሌሊቱን ሙሉ ደጃችንን ሲጠብቅ ያደረው ፍጥረት ታሞ ከመንገድ ዳር የወደቀ እንደ ሆነ ግን «የእኔ ነው» የሚል አይገኝም። እንግዲህ ጌታ የሌለውን የታመመ ውሻ አንሥቶ፣ ከኪስ ከፍሎ ማሳከም ግዴታ ነውን? ወይስ የተረፈው ሰው የሚሠራው ቅንጦት ነው?

ለምሳሌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በዓባይ ቆላ፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ያለውን የጉባን ወረዳ እንውሰድ። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀ ድረስ ከየአገሩ የመጣ ብዙ ሺህ ሠራተኛ በዚያ በረሓ ሠርቷል። የሰው ሰፈር ባለበት ሁሉ ውሻ አለ፤ ትራፊ ይበላል፤ ሌሊት ይጠብቃል። ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ሲሄድ ግን ለውሻ የሚቈረጥ ቲኬት የለም። እንግዲህ አንድ መምህር በማንኩሽ ከተማ ወደ ሥራው ሲሄድ አጥንቱ የወጣ፣ ቍስሉን ዝንብ የወረረው ውሻ ቢያገኝ እንበል። በቆላው የገንዲ በሽታ አለ፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ዝንብ በሬውን ሲነድፍ ውሻውንም አይምርም። ነገር ግን በሬ ሲታመም መድኃኒት ይፈለግለታል፤ ውሻ ሲታመም ድንጋይ ይነሣበታል።

ለዚህ ልዩነት ምክንያት አለው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የደስታ በሽታ የአገራችንን ከብት አብዛኛውን ፈጅቶ «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ ተከተለ። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። ይህን ያየ ሕዝብ አስቀድሞ በሬውን ማሳከሙ አይነቀፍም። ሆኖም በሬ ይቅደም ማለት ውሻ ይሙት ማለት አይደለም።

«ለልጁ መድኃኒት መግዣ ያጣ ሰው ሞልቶ ሳለ ለውሻ ገንዘብ ማውጣት ነውር ነው» የሚል ሰው አይታጣም። ይህ ቃል ክብደት አለው። ለልጅ የተመደበውን ወተት ለውሻ የሰጠ ሰው በድሏል። ነገር ግን ተናጋሪውን አንድ ነገር እንጠይቀው፤ ለውሻው ያልከፈለውን ብር ለሕፃኑ ሰጥቷልን? ከሰጠ ተረትተን ዝም እንላለን። ካልሰጠ ግን ሕፃኑን የጠራው ሊረዳው ሳይሆን በስሙ ኪሱን ሊዘጋ ነው። ብዙ ጊዜ ከውሻው መድኃኒት ጋራ የሚሻማው የድኻ እንጀራ ሳይሆን የእኛው የማታ መጠጥ ነው።

ደግሞም ውሻ የዱር አውሬ አይደለም። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከተኵላ ወገን ተለይቶ ከሰው ጋራ መኖር ከጀመረ ቢያንስ 15,000 ዓመት ይሆናል። ዱሩን አስትተን ደጅ ጠባቂ ያደረግነው እኛ ስለ ሆንን፣ የምንከፍለው ምጽዋት ሳይሆን ዕዳ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት «ለእንስሳ በቀጥታ ግዴታ የለብንም» ባይ ነበር፤ እርሱ እንኳ አርጅቶ ማገልገል ያቃተውን ውሻውን የሚገድል ጌታ በራሱ ውስጥ ያለውን ሰብአዊነት እንደሚጎዳ አስተምሯል።

«ዕዳው የጌታው ከሆነ አላፊ አግዳሚው ስለ ምን ይከፍላል?» የሚል ጥያቄ ይቀራል። በእስልምና ትውፊት፣ በውኃ ጥም የሚያለከልክ ውሻ አይቶ፣ ከጕድጓድ በጫማው ቀድቶ ያጠጣ መንገደኛ ምሕረት አግኝቷል። መንገደኛው የውሻው ጌታ አልነበረም፤ ዐይኑ ያየው፣ እጁም የደረሰ እርሱ ብቻ ስለ ነበረ ግን ሥራው የእርሱ ሆነ።

ይሁን እንጂ ርኅራኄ ዕውቀት ያስፈልጋታል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የማይታወቅ ውሻ በባዶ እጅ አይነካም፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቃል። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የጀመረው ክትባት በጊዜው ከተሰጠ ያድናልና። ደግሞም ከአንድ አገር ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ቢከተቡ በሽታው ይገታል። እንግዲህ ለውሻ ክትባት የተከፈለ ብር የጎረቤትን ሕፃን ያድናል፤ ውሻንና ሕፃንን ያጣላው ክርክርም በዚህ ላይ ይፈርሳል። ሐኪሙ «አይድንም» ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ራሱ ምሕረት ነው።

ስለዚህ ውሻ የሚያሳድግ ሰው ከመሄዱ በፊት ጠባቂ ያዘጋጅለት፤ ሠራተኛውን ወደ ሩቅ ስፍራ የሚልክ መሥሪያ ቤትም በሰፈሩ ያሉትን ውሾች ማስከተብን ከሥራው ይቍጠር። እኛም የወደቀውን ባየን ጊዜ ጌታው ማን እንደ ሆነ ከመጠየቃችን አስቀድመን ሐኪሙ ወዴት እንደሚገኝ እንጠይቅ።