እንግዳው የማን ነው?

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ረቡዕ ማታ፣ ከጸሎት ፕሮግራም ስንወጣ፣ አንድ ሽማግሌ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈው ተኮራምተው አገኘናቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው መሐል ሜዳ በታኅሣሥ ውርጭ እንዴት እንደምትሆን የመንዝ ልጅ ለሆናችሁት አልነግራችሁም። ከወጣቶቹ አንዱ ሻይ አመጣ፤ አንዷ ዳቦ ገዛች፤ ሌላው ጋቢውን አውልቆ ደረበላቸው። ከዚያ ሁላችንም ዝም ብለን ቆምን። የት ይደሩ?

እኔ የእነዚህ ወጣቶች አስተማሪ ነኝ። ቤቴ ውስጥ የድንችና የሽንኩርት ከረጢት የተከመረበት አንድ ትርፍ ክፍል አለ። ልጆቼን አሰብኩ። ሕመም ቢኖርባቸውስ? ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠርስ? በመጨረሻ ዘበኛው እሱ ዘንድ እንዲያድሩ ፈቀደ። ከሁላችንም ትንሽ ደመወዝ ያለው እሱ ነው፤ ያለው አልጋም አንድ ብቻ ነው። እኔ "ነገ በኮሚቴ እንነጋገርበታለን" ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ስንመጣ ሽማግሌው ሄደዋል።

ከዚያ ወዲህ የወጣቶች ኅብረታችን ተራ አውጥቶ ቅዳሜ ቅዳሜ በአዳራሹ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ወገኖች ሻይና ምሳ ያቀርባል። ደስ የሚል አገልግሎት ነው፤ እኔም ተራ አለኝ። ግን አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። እንግዳ መቀበል ለኮሚቴና ለአዳራሽ በውክልና የሚሰጥ ነገር ነው?

በአያቶቻችን ዘመን መሽቶበት ከደጅ የቆመ መንገደኛ "የእግዜር እንግዳ ነኝ" ሲል፣ "ቤት የእግዜር ነው" ይባል ነበር። ባለቤቱ ቤቱን የራሱ አላደረገውም። (ማጋነን አልፈልግም። ያ በር ለሁሉም እኩል አይከፈትም ነበር፤ ቡዳ ነው ተብሎ የተጠረጠረ ባለ እጅ ይህን በደንብ ያውቃል።)

ጥያቄው የቆየ ነው። ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን በቀጰዶቅያ ቂሣርያ አጠገብ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለመንገደኞች ትልቅ ማረፊያ አሠራ። ከእሱ ጥቂት ቆይቶ በቁስጥንጥንያ ያገለገለው ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ ምእመናኑን ይወቅስ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የእንግዳ ማረፊያ ስላላት እናንተ ነፃ አልወጣችሁም፤ ሌላው ስለጸለየ እናንተ ጸሎት ትተዋላችሁ ወይ? በየቤታችሁ ለድሃው አንድ ክፍል ለዩ የሚል ነው ትምህርቱ። ይህን ሳነብ የሽንኩርቱ ክፍል ትዝ አለኝ።

መጀመሪያ ላይ ደጉ ሳምራዊ ከእኔ ጋር የቆመ መስሎኝ ነበር። እሱም ቁስለኛውን ወደ ቤቱ አልወሰደም፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ አስገብቶ ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ከፈለ። ውክልና ማለት ይኸው አይደል? ሉቃስ 10ን ደግሜ ሳነብ ግን ገንዘቡን ያወጣው በማግስቱ ነው። ያን ሌሊት ያስታመመው ራሱ ነው። ለሌላ ሰው አደራ የሰጠው ካደረ በኋላ ሲሆን፣ ተመልሶ እንደሚመጣም ተናግሯል። እኔ ሌሊቱን ለዘበኛው ሰጠሁ፤ ለራሴ ያስቀረሁት የማግስቱን ስብሰባ ነበር።

ስለዚህ ተቋምን አልንቅም። ቢኒያም በለጠ አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት መቄዶንያ ዛሬ ከጎዳና የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚኖሩበት ማዕከል ነው። የተጀመረው ግን በጥቂት ሰዎች፣ በቤተሰባቸው መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ሲሞላ ማዕከል ሆነ። እኛ የጀመርነው ከአዳራሹ ነው፤ የማናችንም ቤት ገና አልሞላም።

ወጣቶች፣ ቤታችሁ የወላጆቻችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እንግዳ ይዛችሁ ግቡ አላልኳችሁም፤ በተለይ እህቶቼ፣ ብቻችሁን ማንንም አታሳድሩ። ጥንቃቄ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ጥንቃቄዬን ከፍርሃቴ የምለይበት መንገድ ያስፈልገኛል። ያን ማታ እኚያን ሽማግሌ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ያልጠየቅኩት ከጥንቃቄ የተነሣ ነው ብል እዋሻለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። በቅዳሜው ምሳ ላይ ከምግቡ በፊት 20 ደቂቃ ስብከት ይኑር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ቃሉን ማስተማር ሥራዬ ነው፤ ሆኖም ተቃወምኩ። ጌታ በሉቃስ 14 ብድር መመለስ የማይችሉትን ጥሩ ይለናል። የራበው ሰው ምሳውን ለማግኘት ቁጭ ብሎ ቢያዳምጠኝ፣ ማዳመጡ ክፍያ ሆነ ማለት ነው። በልቶ ጠግቦ፣ ሊሄድ እየቻለ ቁጭ ብሎ ከጠየቀኝ፣ እስኪመሽ እነግረዋለሁ። ሐሳቡን ያቀረበው ወንድም አሁንም አልተስማማኝም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንቀጥላለን።

ባለፈው ሳምንት ከባለቤቴ ጋር ክፍሉን አጸዳነው። ሽንኩርቱ ወደ ማድ ቤት ሄደ፤ የእናቴን የሱፍ ባና አልጋው ላይ አነጠፍን። ዘበኛውን፣ እንግዳ ከመጣ በሌሊትም ቢሆን እንዲጠራኝ ነገርኩት። "እሺ ጋሼ" አለኝና ፈገግ አለ። ልጄ ማን እንደሚመጣ ስትጠይቀኝ አላውቅም አልኳት።