በፊታቸው የምንሥለው ማንን ነው?

የንባብ ክፍል፦ ገላትያ 3፥1

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ጳውሎስ የገላትያን ሰዎች ሲገሥጽ የተጠቀመበትን ግስ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ተሥሎ ነበር» ይለዋል። በጆሮ ብቻ ስንሰማው ቃሉ ብዙ ነገር ነው፤ ቢላዋም ይሳላል፣ ሰውም ስእለት ይሳላል። እዚህ ግን ነገሩ የሥዕል ነው። የተሣለውም የተሰቀለው ኢየሱስ ነው።

አስተውሉ፤ ገላትያ ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር ውስጥ ነበረች፤ ከጎልጎታ እጅግ ትርቃለች። ታዲያ መስቀሉን ላላዩ ሰዎች በዓይናቸው ፊት እንዴት ተሣለ? ጳውሎስ ቀለምና ብሩሽ አልያዘም፤ ሰበከላቸው። የግሪኩ ግስ «ፕሮግራፎ» ሁሉ እንዲያየው በአደባባይ የሚወጣን ማስታወቂያም ይገልጻል። ማንም «አላየሁም» እንዳይል ሆኖ ተገለጠላቸው ማለት ነው።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ስሙን በትክክል እየጠራን መልኩን አሳስተን ልንሥል እንችላለን? አዎ። በዘጸአት 32 አሮን በወርቁ ጥጃ ፊት ያወጀው በዓል ለእግዚአብሔር ነው ብሎ ነበር። ስሙ ትክክል ነው፤ ምስሉ ሐሰት። ገላትያን ያወኩ አስተማሪዎችም ኢየሱስን አልካዱም፤ ግዝረትን ጨመሩበት። በዚህም መስቀሉ ብቻውን የማይበቃ ሆኖ ተሣለ።

ዛሬም አደጋው ይኸው ነው። በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን የአማርኛ ስብከታችንን በሙሉ ላይረዱት ይችላሉ፤ ኑሯችንን ግን በደንብ ያነባሉ። እሑድ ስለ ጸጋ ዘምረን ሰኞ በትምህርት ውጤታቸው ብቻ ከመዘንናቸው፣ የሣልንላቸው ውጤት ካላዩ የማይወድ አምላክ ነው። ወንድማችንን ለዓመታት ሳናነጋግር ስለ መስቀል ብናወራ፣ የሣልነው ይቅር የማይል ክርስቶስ ነው። እኛ አገልጋዮችም ራሳችንን እንመርምር፦ ሕዝቡ ከጉባኤ ሲወጣ በዓይኑ የሚቀረው የተሰቀለው ጌታ ነው ወይስ በፖስተሩ ላይ ያለው ፎቷችን?

ወገኔ ሆይ፣ አዲስ ክርስቶስ እንድትሥል አልተጠራህም። የማይታየው አምላክ ምሳሌ እርሱ ራሱ ነው (ቆላስይስ 1፥15)። የአንተ ድርሻ እርሱን ደጋግመህ አይተህ፣ እንዳየኸው ማሳየት ነው። ምናልባት የዚህ ሳምንት ስብከትህ ለልጅህ «ይቅር በለኝ» ማለት፣ ወይም ለዚያ ወንድም ስልክ መደወል ሊሆን ይችላል።

ጌታ ይርዳን። ተባረኩ።