ቁጢጥ ማለት ስንት ነጥብ ያወጣል

ከሞተ ሰው ጉልበት ተወስደው በሕያው ሰው ጉልበት ከሚተከሉት ሜኒስከሶች ከአራቱ ሦስቱ ያህል 10 ዓመት ይሞላሉ። 15 ዓመት የሚደርሱት ከግማሽ ትንሽ ቢበልጡ ነው፤ 20 ሲባል ግማሹን ማግኘትም ይከብዳል። ቁጥሩ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ከፍና ዝቅ ቢልም ቁልቁል መሄዱ የሁሉም ነው። ለዋግ ሰው ቁልቁለት እንግዳ አይደለም። ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ተከዜ የወረደ ሁሉ፣ ጉልበትን የሚጨርሰው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ መሆኑን ሳይነግሩት ያውቃል።

ሜኒስከስ በጭን አጥንትና በቅልጥም መካከል በውስጥና በውጭ በኩል የተቀመጡ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ልም አጥንቶች ናቸው። እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ስሙን ይለየዋል፤ «ሜኒስከሱ ተቀዷል» ሲባል ተጫዋቹ ለወራት ሜዳ ላይ እንደማይታይ ይገባዋል። ጉልበት ተዘርግቶ ሲቆም መገጣጠሚያው ላይ ከሚያርፈው ክብደት ግማሽ ያህሉን የሚሸከሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ጉልበት 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ደግሞ ድርሻቸው ወደ 85 በመቶ ይወጣል። ደም የሚደርሰው ግን የውጭ ጠርዛቸው ብቻ ነው። ውስጠኛው ክፍል ከተቀደደ በራሱ አይገጥምም።

እንግሊዛዊው ብላንድ ሰተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሜኒስከስን ሥራ የሌለው የጡንቻ ቅሪት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ሐኪሞችም የተቀደደውን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሙሉ በሙሉ እያወጡ ጣሉት። ታማሚው በጥቂት ሳምንታት ይራመዳል፣ አመስግኖም ይሄዳል፤ ተመልሶ የጠየቀው የለም። በ1948 ፌርባንክ የተባለ ሐኪም ሜኒስከሳቸው የወጣላቸውን ሰዎች ራጅ ሰብስቦ ሲመለከት ግን የጭን አጥንቱ ጫፍ ጠፍጥፎ፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ጠብቦ አገኘው። የዚያን ሳምንት ፈውስ ዓመታት ቆይተው ቁርጥማት አድርገውታል። ንቅለ ተከላው የዚህ ጸጸት ልጅ ነው፤ የመጀመሪያው በ1984 ሙኒክ ውስጥ ተሠራ። ዛሬም የሚታሰበው ሜኒስከሱ ቀድሞ ለወጣለት፣ ዕድሜው በአመዛኙ ከ50 በታች ለሆነ፣ ሕመም ለሚያሠቃየው፣ ነገር ግን የአጥንቱ ልባስ ገና ላላለቀ ሰው ነው።

እንግዲህ የተተከለ ሜኒስከስ ኖረ የሚባለው እስከ መቼ ነው? አብዛኞቹ ጥናቶች የሚቆጥሩት እንደገና ተከፍቶ እስኪወጣ፣ ወይም ጉልበቱ በብረት እስኪተካ ድረስ ነው። ሞቱ የሚመዘገበው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን መለኪያ ይዘን ሰቆጣ እንምጣ። አንድ የዋግ ልጅ በሰው አገር ሳለ ተተክሎለት ወደ አገሩ ተመለሰ እንበል። በ8ኛው ዓመት ጉልበቱ አበጠ፣ መንገድ ላይ ይቆልፈው ጀመር፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣው። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ወይ ገንዘቡ የለውም፣ ወይ መንገዱ ተዘግቷል፣ ወይ አዝመራው ደርሷል። በስሌቱ ከሄድን የዚህ ሰው ሜኒስከስ ሕያው ነው። ሰውዬው እየተጎተተ ገበያ ሲወጣ በጥናቱ ላይ የሜኒስከሶቹን ዕድሜ የሚያሳየው መስመር ንቅንቅ አይልም። የሚያወጣው ሐኪም በሌለበት አገር የተተከለ አካል ለዘላለም ይኖራል!

ተመራማሪዎቹ ይህን አልሳቱትም። ስለዚህም አንዳንዶቹ ሌላ መስፈርት ጨመሩ፦ ሜኒስከሱ ባይወጣም እንኳ፣ ታማሚው ሊሾልም በሚባለው መጠይቅ ከ65 በታች ካገኘ ሕክምናው እንደከሸፈ ይቆጠር አሉ። ጥሩ ነው። ግን መጠይቁስ ምን ይጠይቃል?

ሊሾልም በ1980ዎቹ ስዊድን ውስጥ የተሠራ ቅጽ ነው፤ ሙሉው ውጤት 100 ነው። ሕመም 25፣ የጉልበት መክዳት 25፣ መቆለፍ 15፣ እብጠት 10፣ ደረጃ መውጣት 10፣ ማነከስ 5፣ ድጋፍ መያዝ 5፣ ቁጢጥ ማለት 5። አንዴ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ምንም ሳይዝ የሚሄድ ሰው በድጋፍ ረድፍ 5 ያገኛል፤ ዱላ የያዘ 2 ብቻ። በዋግ ሜዳ ጤነኛ ወንድ ያለ ዱላ ከቤቱ ወጥቶ የሚያውቀው መቼ ነው? እረኛውም ሽማግሌውም ሦስት ሦስት ነጥብ ጎድሎባቸው ታመዋል ማለት ነው። መቋሚያ የያዘው መሪጌታማ አይነሣ። ደረጃ መውጣት 10 ያሰጣል፤ ፎቅ ቤት እንደ ልብ በሌለበት አገር የሚወጣው የቱን ደረጃ እንደሆነ እንጃ።

ቁጢጥ ማለት 5 ነው። ምንም ሕመም የሌለው፣ የማያብጠው፣ የማይከዳው፣ ነገር ግን ፈጽሞ ቁጢጥ ማለት የማይችል ሰው ከመቶ 95 ያገኛል፤ ይህም «እጅግ በጣም ጥሩ» ከሚባለው ወገን ነው። ያ ሰው የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ቢሆን ፍየሉን ማለብ አይችልም። ማሳው ውስጥ ገብቶ ማረም አይችልም። ጎንበስ ብሎ ማጭድ ቢይዝም ነዶ ለማሰር መውረድ አለበት። ሜዳ ለመውጣትም እንዲሁ። ሴት ብትሆን ከምድጃው ፊት ስንቴ ወርዳ ስንቴ እንደምትነሣ ቆጥሮ የጻፈ የለም። ነሐሴ 16 ሲገባ ወገባቸው ላይ ሻደይ አስረው የሚዘሉት ልጆችስ፣ ጉልበታቸው በየትኛው ረድፍ ይገባል? ከዚሁ ቅጽ ጋር አብሮ የሚሞላ፣ ከ0 እስከ 10 የሚቆጥር የእንቅስቃሴ መለኪያም አለ፤ ቴግነር ይሉታል። 10 ላይ ያለው ለብሔራዊ ቡድን የሚጫወት የኳስ ሰው ሲሆን ከባድ የጉልበት ሥራ ያለው 5 ላይ ነው። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ገደል የሚወጣ ሰው የኳሱን ሰው ግማሽ ያህል ጉልበት ነው የሚያሠራው እንደማለት ነው። ሐኪሞቹን ለመክሰስ አይደለም። ሊሾልም መጀመሪያ የተሰናዳው ጅማታቸው ለተበጠሰ ታማሚዎች ነው፤ ለታሰበለት ሰው ደግሞ በቅጡ ይመዝናል። እኔን የሚያሳስበኝ ውጤቱ ከቅጹ ተነጥሎ፣ ቁጥር ብቻ ሆኖ አገር ለአገር ሲዞር ነው።

ቤተ ክርስቲያን ጉልበትን የምትቆጥርበት የራሷ መንገድ አላት። በስቅለት ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ይሰገዳል፤ ሲመሽ ካህኑ በወይራ ቅጠል እየጠበጠበ ለየሰዉ የሚሰግደውን ቁጥር ይሰጠዋል። የታመመ ይቀነስለታል ወይም ይተውለታል፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን ደግሞ የንስሐ ስግደት የለም። ለጉልበትም ፋሲካ ነው። ይህን የማነሣው ካህኑ ቁጥሩን ከመስጠቱ በፊት የሚያየው ሰውዬውን ስለሆነ ነው፤ ዕድሜውን፣ በሽታውን፣ ሴት ከሆነችም እርጉዝ መሆኗን ያያል። የመስገድ ፍላጎቷ ሳይጎድል ጉልበቷ እንቢ ያላት እናት ሐኪም ፊት ብትቀርብ የምትናገረው «ያመኛል» ብላ ነው። ለንስሐ አባቷ ግን «ዘንድሮ አልሰገድሁም» ትላለች። ሕመሙ አንድ ነው፤ የጎደለባት ነገር ግን በሁለቱ ፊት አንድ አይደለም፣ ከሁለቱም በቅጹ ላይ የሚሰፍረው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ስለ ፍየል ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በ1993 የታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች የፍየል ሜኒስከስ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተክለው፣ በአራተኛው ሳምንት በተተከለው ውስጥ የማንኛዋ ዲ ኤን ኤ እንዳለ መረመሩ። የሰጪዋ አልተገኘም። ሕዋሳቱ ሁሉ በተቀባይዋ ተተክተው ነበር። ፍየሏ የዋጉ አበርገሌ ባትሆንም ነገሩ ለሰው ልጅ አሳብ ይሰጣል። ከሟቹ የሚቀረው ሕያው ነገር ሳይሆን ቅርጽ ነው፤ ቤቱ የሟች፣ ነዋሪው የራስህ። አስከሬን ሳይጎድል መቀበር አለበት ብሎ የሚያምን ሰው በዚህ ይጽናና እንደሆነ አላውቅም። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ግን ከ2003 ጀምሮ ከሞቱ ሰዎች የዓይን ብሌን እየተቀበለ ሲሰጥ፣ ይህን ጥያቄ ከቤተሰብ ጋር ተቀምጦ ሲያስረዳ ኖሯል። ለዓይን የተከፈተ በር ለጉልበት የሚዘጋበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ 10 ዓመቱ እንመለስ። ሰቆጣ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የሩቅ ቀጠሮ ስም ናት፤ በ2015 የተፈረመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቀረት ነው። እዚያ ላይ ዓመቱ ለምን እንደተቆጠረ ግልጽ ነው፤ አንድ ልጅ እንዲያድግ። ለጉልበት የሚቆጠረው 10 ዓመትስ? የ30 ዓመት ገበሬ ልጁ ሞፈር እስኪጨብጥ 10 ዓመት ቢሰጠው ትልቅ ነገር ነው። ዋጋው ግን አለ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል በክራንች ነው፣ ጉልበቱንም ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ የለበትም፤ ሸክም ይዞ ቁጢጥ ማለት ለወራት ክልክል ነው፤ ብዙ ሐኪሞች ደግሞ ከዚያም ወዲያ ከባድ ሥራ እንዲተው ይመክራሉ። የዋግ ክረምት አጭር ነው። ስድስት ሳምንቱ ሐምሌ ላይ ከዋለ የዓመቱ እህል ሄደ። ሕመም እንደሚቀንስ ጥናቶቹ ይስማማሉ፤ የአጥንቱን ልባስ ከማለቅ ያድነዋል የሚለው ግን እስካሁን አልጸናም። ስለዚህ ለዚህ ገበሬ፣ በበኩሌ፣ አይሆንም ባይ ነኝ፤ ቆጥቦ እንዲይዘው የሚሰጠውን ጉልበት ኑሮው አያስቆጥበውም። ተቀምጦ ለሚሠራ፣ ለምሳሌ ለመምህር ወይም አዲስ አበባ ቢሮ ለገባ ወንድሙ፣ መልሴ ሌላ ነው። አንድ ዓይነት ጉልበት፣ አንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና፣ አንድ ዓይነት 10 ዓመት ሆኖ ሳለ።

ሐኪሞች ዛሬ ከመትከል በፊት ያለውን አድን ይላሉ። የተቀደደ ሜኒስከስ ደም በሚደርሰው ጠርዝ ላይ ከሆነ፣ ቶሎ ከተደረሰበትም፣ ሊሰፋ ይችላል። በእኛ አገር ግን ቀድሞ የሚደረስበት ወጌሻው ነው፤ ጉልበቱ ድንገት ተቆልፎ አልዘረጋ ያለ ወጣት በቅቤ ሲታሽ ሳምንታት ያልፋሉ፣ የተቀደደውም እየተፍረከረከ ስፌት የማይይዝ ይሆናል። ወጌሻን ከዋግ ለማስወጣት የሚያስብ ካለ ይልፋ፤ እኔ ግን ወጌሻው አንድ ነገር ቢለይልን ይሻላል እላለሁ፦ የተቆለፈ ጉልበት ሲመጣለት ሳያሸው፣ በዚያኑ ቀን ሰቆጣ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ ሆስፒታል እንዲልከው።