መድገምና መደጋገም

አማርኛችን «ደገመ» የምትለዋን ቃል ለስንት ነገር ያውላታል! ዳዊቱን የደገመ ሰው ጸለየ ይባልለታል። ክፍል የደገመ ተማሪ ወደቀ ይባልበታል። ድግምት የሚደግም ደግሞ ይፈራል። አንዲት ቃል ጸሎትም፣ ውድቀትም፣ አስማትም ሆነች ማለት ነው። ታዲያ አንድን ሐሳብ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሦስትና አራት ጊዜ የሚመላልስ ምሁር ከየትኛው ወገን ይመደብ?

ለፍርዱ የሚረዳን አገር አለ። የስማዳዋ ወገዳ ጎረቤት በሆነው ጋይንት ሁለት ታላላቅ የምስክር ጉባኤ ቤቶች ይገኛሉ፤ የድጓው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ። ለድጓ ምስክርነት የሚበቃ ተማሪ በ6ኛው መቶ ዘመን እንደ ነበረ የሚነገርለትን የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለዓመታት ይመላለስበታል። ቀን ከመምህሩ የተቀበለውን ሌሊት ያዜማል፣ ይከልሳል። እዚያ መድገም የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ዜማው ሳይጎድል ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርበት መንገድ ነው።

ይኸው ትምህርት ወደ ቅኔ ቤት ሲሻገር ግን ሕጉ ይገለበጣል። ትናንት የተባለን ቅኔ ዛሬ መልሶ ማለት ነውር ነው። በአንድምታ ትርጓሜም መምህሩ ወደዚያው ንባብ ይመለሳል፤ ነገር ግን «አንድም» ባለ ቁጥር ሌላ ፍቺ ይዞ መምጣት አለበት።

አሁን ደግሞ በ1943 ዓ.ም. ኮሌጅ ሆኖ ከተጀመረው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንሥቶ ወደ ዘመናዊው ትምህርት እንዝለቅ። ብዙው የመመረቂያ ጽሑፍ 5 ምዕራፍ አለው። በአጠቃሎው የተባለው በመግቢያው ይባላል፤ የመግቢያው በትንተናው ይመለሳል፤ 5ኛው ምዕራፍ ሁሉንም እንደ አዲስ ይተርካል። ልማዱ ጠበቃ አያጣም። አጠቃሎው ጊዜ ላጣ አንባቢ ይጠቅማል፤ ማጠቃለያውም ረጅም መንገድ የተጓዘውን ያሳርፋል። ይህ እውነት ነው።

ልዩነቱ ግን ድካሙ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ነው። የድጓ ተማሪ ሲደግም የሚደክመው ራሱ ነው፤ ጸሐፊ ሲደጋግም የሚደክመው አንባቢው ነው። ከዚህም የከፋ አለ። «ችግሩ የግንዛቤ እጥረት ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር በመግቢያው ላይ ግምት ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሲባል የታወቀ ነገር ይመስላል። በመጨረሻው ምዕራፍ «የሚመለከተው አካል ግንዛቤ ያስጨብጥ» ወደሚል ምክር ይለወጣል። በመካከሉ ማስረጃ አልመጣም፤ ጆሮ ብቻ ለመደ። ለመሆኑ ገበሬው ማዳበሪያ ያልገዛው ጥቅሙን ስላላወቀ ነው ወይስ ገንዘብ ስላጠረው? ይህ ሳይጠየቅ ምክሩ ሥራ ላይ ቢውል ዕዳውን የሚከፍለው ያ ገበሬ እንጂ ተመራቂው አይደለም።

እንግዲህ መድገምን አንኮንን። ጸሐፊው ወደ ተናገረው ሲመለስ ግን እንደ አንድምታ መምህር «አሁን ምን ጨመርሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ማስረጃ ከጨመረ፣ ወይም አንባቢው ሊስተው የሚችለውን ካቃና ይድገም። ምንም ካልጨመረ ክፍል ከደገመው ተማሪ አይለይም፤ ያኛው እንኳ የሚደግመው ብቻውን ነው፤ ይህ ግን እኛንም ያስደግመናል።