አድራሻ የማን ነው?

በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር የዋይፋይ ማሰራጫ ሲደረግ ለገመድ አልባ ካርዱ የአይፒ አድራሻ ይሰጠዋል፤ 192.168.50.1 እንበል። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው፤ ቁጥሩ፣ የኔትወርኩ ወሰን፣ በመጨረሻም የኢንተርፌሱ፣ ማለት ሊኑክስ ካርዱን የሚያውቅበት፣ ስም። በዚህች መስመር ውስጥ ግን ፈላስፎች ለረጅም ዘመን የተከራከሩበት ጥያቄ አለ፤ ቁጥሩ የሚያመለክተው ነገሩን ራሱን ነው ወይስ ነገሩ ያለበትን?

አሪስቶትል ስለ አንድ ነገር ሊባል የሚችለውን በ10 ክፍል ሲመድብ «ምንድን ነው»፣ «የት ነው» እና «ከሌላው ጋር ምን ያገናኘዋል» የሚሉትን ለየብቻ አስቀምጧል። በኮምፒውተር ኔትወርክም ተመሳሳይ መለየት አስፈልጓል። ጆን ሾክ በ1978 እ.ኤ.አ. ስም የሚፈለገውን፣ አድራሻ የሚገኝበትን፣ መንገድ ደግሞ እንዴት እንደሚደረስበት እንደሚናገሩ ለየ። ጀሮም ሳልትዘር በ1982 ማሽኑ ሌላ፣ ማሽኑ ከኔትወርኩ ጋር የሚያያዝበት ነጥብ ሌላ መሆኑን ጨመረበት። ሁለት ካርድ ያለው ኮምፒውተር ሁለት ማያያዣ አለው፤ ኮምፒውተሩ ግን አንድ ነው።

የሊኑክስ ትእዛዝ ላይ ላዩን ሲታይ የሳልትዘርን ሐሳብ የሚከተል ይመስላል፤ አድራሻው የሚሰጠው ለኢንተርፌሱ ነውና። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ግን አድራሻን የመላው ማሽን አድርጎ ያያል። ኮምፒውተሩ የኬብል ካርድም ካለው፣ በኬብሉ በኩል ያለ መሣሪያ «192.168.50.1 ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቁጥሩ የተሰጠው ለሬዲዮው ካርድ ሆኖ ሳለ፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር የኬብሉ ካርድ «እኔ ነኝ» ብሎ ይመልሳል።

ማሰራጫው ራሱ ጉዳዩን ይበልጥ ያጠራዋል። የሬዲዮውን ሥራ የሚሠራው ሆስትኤፒዲ የተባለው ፕሮግራም የኔትወርኩን ስም ያሰማል፣ የይለፍ ቃል ይፈትሻል፣ ስልኮችን ይቀበላል፤ ለዚህ ሁሉ የአይፒ አድራሻ አያስፈልገውም። ካርዱ ከኬብሉ ጋር በብሪጅ ሲገናኝ ያለ አንዳች የአይፒ አድራሻ የሰውን መልእክት ሲያሻግር ይውላል። አድራሻ የሚያስፈልገው ሌሎች ወደ እርሱ መዞር ሲኖርባቸው ነው፤ ለስልኮች በዲኤችሲፒ ቁጥር ሲያድል፣ የኢንተርኔት መውጫ በር ሲሆን፣ ወይም አስተዳዳሪው ከሩቅ ገብቶ ሊያስተካክለው ሲፈልግ። እንግዲህ አድራሻ ከአሪስቶትል ክፍሎች ወደ ግንኙነት ያደላል፤ በራሱ ከሚቆም ነገር ይርቃል።

ይህ ግንኙነት ወሰን አለው። ለግል ኔትወርኮች ከተለዩት ሦስት ክልሎች አንዱ በ192.168 የሚጀምረው ነው፤ በዚህም ምክንያት አንድ ቁጥር በብዙ አገር፣ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ቤቶች ውስጥ ሳይጋጭ በአንድ ጊዜ ያገለግላል። የቤት ቁጥር 12 ቀበሌው ካልተነገረ የማንም ቤት እንዳልሆነ ሁሉ ይህም እንዲሁ ነው። ወሰኑን የሚያሰምረው ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚጻፈው 24 ነው፤ ከ32 ቢት የመጀመሪያዎቹ 24 የሰፈሩ፣ የቀሩት 8 የቤቱ ናቸው። ከ256ቱ ቁጥሮች የመጀመሪያው ለኔትወርኩ ራሱ፣ የመጨረሻው ለሁሉም ለሚላክ ጥሪ ስለሚያዙ 254 ይተርፋሉ። ማሰራጫው መውጫ በር ከሆነ የሬዲዮው ክልል ከኬብሉ ክልል መለየት አለበት፤ አለዚያ ማሽኑ የሚጠራው በየትኛው ወገን እንዳለ ሊያውቅ አይችልም።

አድራሻ ማንነትን ካልተናገረ፣ ማንነቱ በፋብሪካ ለካርዱ የተሰጠው 48 ቢት የማክ አድራሻ ነው የሚል መልስ ይቀርባል። ይህም አይጸናም። የማክ አድራሻ በትእዛዝ ይለወጣል፤ የዛሬ ስልኮችም ባለቤታቸውን ከክትትል ለመጠበቅ ለየኔትወርኩ የተለያየ ቁጥር ያሳያሉ። ከዚህም በላይ አድራሻን ከካርድ ጋር የሚያዛምደው የ1982ቱ አርፕ «እኔ ነኝ» የሚለውን መልስ የሚመረምርበት መንገድ የለውም፤ የሰማውን ያምናል። ሁለት መሣሪያዎች አንድ ቁጥር ከያዙ መልእክቱ አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው ሊሄድ ይችላል። ይህን እንደ ተራ ብልሽት ማለፍ አይገባም፤ አድራሻ በጎረቤቶች መተማመን ላይ የቆመ መሆኑ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና።

በትእዛዝ የተሰጠ አድራሻ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንዲቆይ ከተፈለገ በሲስተምዲ ኔትወርክዲ ወይም በኔትወርክ ማኔጀር የቅንብር ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ ያኔም ቢሆን ማሽኑ በተነሣ ቁጥር እንደ አዲስ ይሰጠዋል እንጂ ካርዱ ላይ አይታተምም። ሁለቱ ፕሮግራሞች አንድን ኢንተርፌስ ከያዙ አንዱ የሰጠውን ሌላው ሊነሣው ስለሚችል፣ ካርዱ ለአንዱ ብቻ ይተዋል።