የእረኛው አክሊል፦ የባካር ዕፅ አንድምታ

ታሪክ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት በማንቱዋ አጠገብ የተወለደው የሮማውያኑ ባለቅኔ ቪርጊልዮስ፣ ከዐሥሩ የእረኞች ቅኔዎቹ በሰባተኛው፣ ኮሪዶንና ቲርሲስ የተባሉ እረኞች በሚንክዮስ ወንዝ ዳር በዜማ ሲወዳደሩ ያሳየናል። ኮሪዶን እንደ ባልንጀራው ባለቅኔ እንደ ኮድሮስ ያለ ቅኔ ይሰጠው ዘንድ የሊቤትራን የምንጭ አማልክት ለመነ፤ ቲርሲስ ግን በማደግ ላይ ላለው ባለቅኔ፣ ይኸውም ለራሱ፣ እረኞች የሐረግ አክሊል እንዲደፉለትና ኮድሮስ በቅንዓት እንዲፈነዳ፣ ከልክ አልፎ ቢያመሰግነው ደግሞ ክፉ ምላስ እንዳይጎዳው ግንባሩን ባካር በተባለ ዕፅ እንዲያስሩለት ለመነ።

ሐተታ፦ ከስድብ መጠበቅስ ይገባል፤ ከምስጋና መጠበቅን ስለ ምን ለመነ ቢሉ፣ በሮማውያን ዘንድ ከልክ ያለፈ ውዳሴ እንደ ክፉ ዓይን ይፈራ ነበርና ነው። ሮማዊው ጸሓፊ ፕሊንዮስ በአፍሪካ ውዳሴያቸው ዛፍ የሚያደርቅ፣ ሕፃናት የሚገድል ወገኖች እንዳሉ ከቀደሙት ጸሓፊዎች ጠቅሶ ጽፏል፤ በቪርጊልዮስ ሦስተኛ ቅኔም እረኛው ሜናልካስ ጠቦቶቹ ከስተው ቢያይ፣ የማን እንደ ሆነ ያላወቀው ዓይን እንደ በላቸው ይናገራል። የሰዋስው መምህሩ ሰርቪዮስም ባካር ይህን ክፋት የሚያርቅ ዕፅ ነው ብሎ ተርጉሟል።

አንድም፦ ክፉ ምላስ የቀናተኛ አንደበት ነው። ጠላት በስድብ ያልጣለውን በውዳሴ ይጥላልና፤ ገና የሚማረውን ከመምህራኑ በላይ ያደረጉት እንደ ሆነ፣ በስድብ ጊዜ የሚነቃው ልቡና በውዳሴ ጊዜ ያንቀላፋል። እንዲህ ከሆነ ባካር ልክን የማወቅ ምሳሌ ነው።

አንድም፦ ክፉው ምላስ የቲርሲስ የራሱ ነው። ቪርጊልዮስ የተከተለው ሲሲሊያዊው ባለቅኔ ቴዎክሪጦስ፣ ግዙፉ ፖሊፌሞስ የገዛ መልኩን ባመሰገነ ጊዜ እንዳይጎዳ አንዲት አሮጊት እንዳስተማረችው በብብቱ ሦስት ጊዜ እንትፍ እንዲል አድርጓልና፣ ሰው በገዛ ውዳሴው ደግሞ እንደሚጎዳ የቀደሙት ያውቁ ነበር። ቲርሲስ ግን ሳያሸንፍ አክሊል ለመነ፤ ዕፅም ከውጭ የሚመጣውን እንጂ ከውስጥ የሚወጣውን አይከለክልም። ባልንጀራውን አክብሮ የጀመረው ኮሪዶን ድል እንዳደረገ፣ ቲርሲስም እንደ ተሸነፈ የቅኔው ተራኪ ሜሊቤዎስ ይመሰክራል።

እነዚህ ትርጓሜዎች እርስ በርሳቸው አይጣሉም፤ የመጀመሪያው አካልን፣ ሁለተኛው ትምህርትን፣ ሦስተኛው ነፍስን ይጠብቃሉና። ስለዚህ ወጣት ባለቅኔን በእውነት የሚወድ ሰው፣ ሥራው ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ያመስግነው፤ ተመስጋኙም ሌላውን ማክበርን ከአክሊሉ አስቀድሞ ይማር።