የቀስቃሹ ዕዳ፦ «ኦሮማይ»ን ዳግመኛ ስናነብ

በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል በ1975 ዓ.ም. ለአንባቢ ካበረከተ ወዲህ ከአርባ ዓመታት በላይ ተቈጥረዋል። መጽሐፉ ብዙም ሳይቈይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከነበረው ከፍተኛ ኀላፊነት ተነሣ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ብዙዎቻችን ከልብ ወለዱ አስቀድመን የምናውቀው ይህንኑ ነው። ችግሩም ከዚህ የሚጀምር ይመስለኛል። ለበዓሉ ያለንን ኀዘንና አክብሮት፣ ሳናስበው፣ ለባለታሪኩ ለጸጋዬ ኃይለ ማርያም እናወርሰዋለን።

ጸጋዬ ግን ማን ነው? በ1974 ዓ.ም. በታወጀው የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ እንዲመራ ወደ አሥመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው። አፍቃሪ ነው፤ ጨዋታ ዐዋቂ ነው፤ የሹማምንቱን ግብዝነት አይቶ ይሣለቃል። ይሁን እንጂ ያየው ነገር ሌላ፣ ለሕዝብ የሚያሰራጨው ሌላ ነው። የሥራው ፍሬ ነገር ሌላው ሰው በሙሉ ልብ ወደ ናቅፋ ተራራ እንዲወጣ ቃል ማሰናዳት ነው። ናቅፋ ሳትያዝ ስትቀር «ኦሮማይ» ይባላል፤ አበቃ፣ ከንቱ ሆነ ለማለት ነው። ተራራው ላይ የቀረው ወታደር ግን ይህን ቃል ለመናገር ዕድል አላገኘም።

በውጭው ዓለም ተመሳሳይ ሙግት ያስነሣ የጦርነት ልብ ወለድ አለ፤ የአሜሪካዊው ሮበርት ሃይንላይን «ስታርሺፕ ትሩፐርስ»። በ1959 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ የጠፈር ጦርነት ታሪክ፣ የመምረጥ መብት የሚገባው በፈቃዱ አገልግሎ ለተሰናበተ ዜጋ ብቻ የሆነበትን መንግሥት ያሳያል። ጦረኝነትን ይሰብካል ተብሎ ተወግዟል፤ በቬትናም የቈሰለው ጆ ሃልደማን በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ልብ ወለድ ብዙዎች እንደ መልስ ይቈጥሩታል። የእነርሱ ክርክር ስለ ዘማቹ መብት ነው። «ኦሮማይ» ያነሣው ስለ ቀስቃሹ ዕዳ ነው፤ ለእኔ ይህኛው ይከብዳል።

«ጸጋዬ የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ ምን አጠፋ?» የሚሉ አሉ። በምኖርበት በልደታ ፍርድ ቤት አለ፤ ሰው የገደለ፣ የሰረቀ፣ የዋሸ ምስክር ይዳኝበታል። ባማረ ንግግር የሰው ልጅ ወደ ጥይት የሸኘ ግን በየትኛው አንቀጽ ይከሰሳል? ሕግ ዝም ባለበት የኀሊና ሥራ ይጀምራል። በዓሉ ራሱ በዚያው ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሥራ ተካፋይ ነበርና መጽሐፉን በመጻፍ የራሱን ዕዳ ከፍሏል፤ ያውም ከሚገባው በላይ። ጸጋዬ አልከፈለም። ደራሲው ባለታሪኩን ነጻ አላወጣውም፤ ነጻ የምናወጣው እኛ አንባቢዎቹ ነን።

ይህን የምለው ለሥነ ጽሑፍ ታሪክ ብቻ ተጨንቄ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜም በየወገኑ ግጥም ተገጥሟል፣ ዜማ ወጥቷል፣ ማይክሮፎን ተጨብጧል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሠራዊቱና ስለ አዛዦቹ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ገጣሚው የተባለው ጥቂት ነው።

«ኦሮማይ»ን የሚያስተምሩ መምህራን የደራሲውን መጥፋት ለመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ቢያቈዩት እወዳለሁ። ተማሪው መጀመሪያ ጸጋዬን ብቻውን ያግኘው፤ ይውደደው፤ ይጠይቀው።